በሒና የተፈረመ ደብተር

ረገንስዶርፍ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017

እትዬ ሀጂራ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ከሠርጉ ድካም አረፉ? እግርዎ ላይ የነበረው ዕብጠት ጎደለልዎ? ሙሽራዋ ኢብቲሳምስ ቤቷን ለመደችው ወይስ ዛሬም ምሳዋን የምትበላው እርስዎ እህቷ ጋ ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ለክፉ አልሰጥም። መልሴ የዘገየው ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ስለቀደድኩት ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስልክ ላይ ቢሆን ያጠፉትን ማንም አያይም። ወረቀት የሰረዙትን ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

በፖስታ ብቻ ጻፊልኝ ያሉበትን ምክንያት አብራኝ ለምትኖረው ለናኒ ስነግራት በሳቅ ልትሞት ነበር። ልጆቻቸው የእትዬን ስልክ ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝተውት የሚላክላቸው መልእክት ሁሉ እንግዳ ፊት ብቅ ይላል አልኳት። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮዎን የኢዱ እንግዳ በሙሉ አንብቦት «አይዞዎት፣ መነቀል አያምም» እያለ እንደተሰናበተዎትም ነገርኳት። ሁለት ቀን ሙሉ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር «መነቀል አያምም» ትለኛለች።

«ሴቶቹ እየጠየቁኝ ነው፣ በትክክል ምን ብለሽ ነበር የጻፍሽው?» ላሉኝ እነሆ። ያን ዓርብ ከሰዓት፣ በሠርጉ የሒና ዝግጅት፣ ሻትሌን ያለው አዳራሽ ተዘግቶ፣ ወንድ የተባለ ከበሩ ርቆ፣ ሃያ ስድስታችሁ ሻሻችሁን አውልቃችሁ ስትጨፍሩ ከእያንዳንዳችሁ ጋር አንድ ስምምነት አድርጌያለሁ። ደብተሬን በሦስት ከፈልኩት። አንዱ «ለሁሉም»፣ አንዱ «ለሴት ብቻ»፣ አንዱ «ለራሷ ብቻ» ይላል። ፎቶ ባነሳሁ ቁጥር ካሜራው ለፎቶው የሰጠውን ቁጥር አይቼ ከስሟ አጠገብ እጽፋለሁ። መፈረም ላይ ነው የተቸገርነው፤ ሁሉም እጇ ላይ እርጥብ ሒና ስላለ እስክሪብቶ የምትይዝ ጠፋች። ኢብቲሳም ናት «ጣታችንን እናሳርፍ» ያለችው። እናም እያንዳንዷ ስም ጎን አንድ ቡናማ ጣት አለ። ጎረቤትዎ የወይንሐረግ ብቻ ሁለት ጣት አሳርፋ፣ «የኔን ለሁሉም በይው፤ በተለይ የድሮ ባሌ እንዲያየው» ብላለች። እሱንም ጽፌዋለሁ።

«ለሴት ብቻ» ያሉት ዘጠኝ ናቸው። «ለራሷ ብቻ» ያሉት ሁለት፤ አንዷ እርስዎ ነዎት። ደብተሩ ከቦርሳዬ አይወጣም።

ሥራ ደህና ነው። ሙሉ ፎቶግራፈር የሚያሰኘኝን የሦስት ዓመት ትምህርት ከጨረስኩ ወዲህ ቪዲኮን ሰፈር ያለው ስቱዲዮ በሙከራ ይዞኛል፤ ሙከራው የሚያበቃው ሐምሌ 24 ነው። ከዚያ አለቃዬ ቋሚ ውል ከሰጠችኝ እሱን አያይዤ ጊዜያዊውን የመኖሪያ ፈቃዴን ወደሚሻለው ለመቀየር አመለክታለሁ። ካልሰጠችኝ ደግሞ እንደገና ከዜሮ። ሴትዮዋ መጥፎ አይደለችም። ብቻ የእጅ ጽሑፍ አታምንም። አንድ ጊዜ ምድር ቤቷ ውሃ ገብቶ የአባቷ የሥራ ደብተሮች ሁሉ ገንፎ ሆነውባታል። ከዚያ ወዲህ ሲስተሙ ላይ ያልገባ ነገር ለእሷ አልተደረገም ማለት ነው።

ፎቶዎቹን ጠይቀውኛል። ደህና ናቸው። ሰሞኑን ሥራ ስለበዛ ነው።

ለኢብቲሳምና ለባሏ ለዑመር ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ሰዓዳ


ሻትሌን፣ ሰኔ 17 ቀን 2017

ሰዓዳ፣

ወዐለይኩም ሰላም። እግሬ ድኗል። ኢብቲሳም ዛሬም ምሳዋን እኔው ጋ ነው የበላችው።

የጠየቅሁሽ አምስት ነገር ነበር። አራቱን መልሰሻል። አምስተኛውን «ደህና ናቸው» ብለሽ አለፍሽው። ደህና የሚባለው ሰው ነው። ፎቶ ማን ጋ ነው፣ የት ነው ነው የሚባለው።

አንቺ ካልነገርሽኝ እኔ ልንገርሽ። ዑመር ሥራ ቦታው አውቶቡስ ማደሪያው ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ከስቱዲዮሽ ኢሜይል ደረሰው። የሠርግ ፎቶዎ ዝግጁ ነው ይላል። ሙሽራ አይደል፣ ደስ ብሎት ከፈተው። ማን ብቅ አለች? እኔ። ጸጉሬ ተፈቶ፣ ወገቤ ታስሮ፣ አፌ እስከ ጆሮዬ ተከፍቶ። ልጁ ስልኩን እንደ ፍም ጥሎት ቤት ሲገባ ለኢብቲሳም ሰጣትና ምንም አላየሁም ብሎ ማለ። አንዴ ሳይሆን አራቴ ማለ። ይሄን ያህል የማለው ስላየ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔን አያየኝም። ቤቴ ሲመጣ ሰላም የሚለው ማቀዝቀዣውን ነው።

ለሴቶቹ አልነገርኩም። መንገሬ ግን አይቀርም። አንቺን ሳመጣ «ካሜራ ያላት ናት» ብለው ፊታቸውን ሲያዞሩ፣ ከኮምቦልቻ የመጣች የኛው ልጅ ናት፣ እዚህ አገር ስትገባ የመጀመሪያውን ወር ያደረችው እኔ ሶፋ ላይ ነው፣ እመኗት ያልኩት እኔ ነኝ። ስሜን ነው ያስያዝኩልሽ።

አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ማሽኑ ውስጥ ያስገባው ማን ነው?

ሀጂራ


ረገንስዶርፍ፣ ሰኔ 22 ቀን 2017

እትዬ ሀጂራ፣

እኔ ነኝ።

ባለፈው ይህንኑ ጽፌ ቀድጄ ነበር። አለቃዬ ናት ብል ያምኑኝ ነበር። ማሽኑ ነው ብልም ያምኑኝ ነበር፣ ሰው ሁሉ ማሽን ላይ ያሳብባል። ግን እኔ ነኝ።

የተስማማነው የካሜራው ካርድ ከቦርሳዬ ሳይወጣ በናኒ አሮጌ ላፕቶፕ ቤት ውስጥ እንድሠራው ነበር። ሰኞ ዕለት አለቃዬ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆማ ሠርጉ እንዴት ነበር ስትለኝ የኢብቲሳምን እጅ ፎቶ ላሳያት አማረኝ። ያንን አንዱን ብቻ። በሙከራ ላይ ያለ ሰው ኩራት ምን እንደሚመስል እርስዎ ያውቃሉ። ካርዱን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁት። እዛ ቤት ካርድ ከተሰካ ሁሉም ፎቶ ወደ ሰርቨሩ ይገለበጣል፣ ማሳያ ገጽ በራሱ ይከፈታል፣ ትእዛዙ ላይ ስሙ ላለው ሰው ሊንክ ይላካል። ትእዛዙ ላይ ያለው የዑመር ስም ነው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። እጁን ብቻ አሳይቼ አቋርጠዋለሁ ብዬ ነው። ስልክ ጮኸ፣ አነሳሁ፣ ስመለስ አልቋል። አራት ደቂቃ።

ገጹን በዚያው ዕለት ዘግቻለሁ። ከእኔ ሌላ ማን እንደገባበት አየሁ፤ ማሽኑ ይህን ይመዘግባል። አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፣ አሥራ አንድ ሰከንድ። ዑመር አልዋሸም ማለት ይቻላል። የእኔም ስም አለ፤ ካርዱን የሰካሁበት ደቂቃ ሳይቀር። እንግዲህ ማሽኑን ሐሰተኛ ልለው አልችልም፣ ከእኔ ይልቅ እውነቱን ቶሎ ተናግሯል።

ነገሩ ግን ገጹን በመዝጋት አያበቃም። ፎቶዎቹ ሰርቨሩ ላይ አሉ፣ መጠባበቂያ ቅጂውም ሌላ ቦታ አለ። ይጥፉ ብዬ ለአለቃዬ ሁሉንም ነገርኳት። ሕጉ እንዲህ ነው አለችኝ፦ የአንዲት ሴት ፎቶ የሚጠፋው ራሷ ስትጠይቅ ነው። የስቱዲዮውን ቅጽ ሞልታ፣ ስሟን ጽፋ፣ የፊቷን ፎቶ አያይዛ ትልካለች። ሲስተሙ ፊቷን ይማርና እሷ ያለችበትን ሁሉ ለቅሞ ያጠፋል። ሊረሳት መጀመሪያ ሊያውቃት ይገባል ማለት ነው። ፊቴን አትያዙብኝ የምትለው ሴት ለዚያ ስትል ፊቷን ትልካለች።

ፊት አያስፈልግም፣ ቁጥሩ አለኝ ብዬ ደብተሩን ሰጠኋት። ገለበጠችው። ጣቶቹ ላይ ስትደርስ ምንድን ነው አለች፣ ሒና ነው አልኳት፣ አሸተተችው። ከዚያ ደብተሩን መለሰችልኝ። ይሄ መዝገብ አይደለም፣ አለች፤ የማይነበብ፣ ፈልገው የማያገኙበት፣ የተዝረከረከ ነገር ነው። «አንቺ ነገ ብትታመሚ ማን ያነበዋል?»

«ከሃያ ስድስቱ ሴቶች ማንኛዋም» አልኳት።

ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። እሺ ግን አላለችም።

ራሴ ገብቼ ላጠፋው እችል ነበር፤ የይለፍ ቃሉ አለኝ። እጄን ቁልፉ ላይ አድርጌም ነበር። መጠባበቂያው በነጋታው ይመልሰዋል፣ እኔ ደግሞ እንደ ሌባ እወጣለሁ፣ እናንተም የሌባ ደንበኛ ትሆናላችሁ። ተውኩት።

ለሴቶቹ ይንገሯቸው። ስሜን ሳይሸፍኑ።

ሰዓዳ


ሻትሌን፣ ሰኔ 28 ቀን 2017

ሰዓዳ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ለመቆጣት፣ ቀጥሎ ለመስማት። ቁጣው አልወጣልኝም፤ እሱን ፊት ለፊት ስንገናኝ እጨርሰዋለሁ። የሠራሽውን ግን አልደበቅሽም፤ በሌላ ሰው ትከሻ ላይም አልጫንሽውም።

አሥራ አንድ ሰከንድ ትንሽ አይደለም። አማት የሚያህል ሰው ሲጨፍር ለማየት ሁለት ሰከንድ ይበቃል።

ሴቶቹን ትናንት ቤቴ ሰበሰብኳቸው። ቴሌቪዥኑን ከግድግዳው ነቅዬ። አንደኛዋ አለቀሰች፣ ሌላዋ ሁለተኛ ካሜራ ባለበት አልገኝም አለች። ስላንቺም ያላሉት የለም፣ አልደግመውም። የወይንሐረግ የእሷ ጉዳይ ባይሆንም መጥታ ነበር፤ ልጅቷ ብትደብቀን ኖሮ ዛሬ እዚህ ተቀምጠን እንናደድ ነበር ወይ አለቻቸው።

ከዚያ ስለ ቅጹ ነገርኳቸው። ፊታችሁን ላኩ ተብሏል ስላቸው ያቺ ስታለቅስ የነበረችው ሳቀች።

ፊታችንን አንሰጥም። ቁጥር እንሰጣለን።

ልንገርሽ። አምና ግድግዳዬ ሲሻግት ለቤት አከራዩ ቢሮ አምስት ጊዜ ደወልኩ፣ ሁለቴ በኢንተርኔት ቅጽ ሞላሁ። «መልእክትዎ ደርሶናል» ብሎ የሚመልስልኝ ማሽን ነው። ሆቴሉ አብራኝ አንሶላ የምታጥፍ አንዲት ፖርቹጋላዊት ናት እዚህ አገር ሰው የሚሰማው ረኮማንዴ ሲደርሰው ነው ያለችኝ። ፖስታ ቤት ሄደሽ የምትልኪው፣ ተቀባዩ ፈርሞ የሚረከበው፣ እኛ አገር የአደራ ደብዳቤ የምንለው። በተሰበረ ፈረንሳይኛዬ በእጄ ጻፍኩት። በሦስተኛው ቀን ሰውዬው ቀለሙን ይዞ በሬ ላይ ቆሟል።

አሥራ አንዳችን አሥራ አንድ የአደራ ደብዳቤ እንልካለን። አንድ ላይ አይደለም፣ እያንዳንዳችን በየራሳችን እጅ፣ በምናውቀው ቋንቋ። ቁጥር ከሌለው ግን የትኛው ፎቶ ይሉናል። ቁጥሩ ያለው ደብተርሽ ላይ ነው። ለእያንዳንዳችን የየራሳችንን ገልብጠሽ ላኪልን።

ይህ ከሥራ አያስባርርሽም ወይ? እውነቱን ንገሪኝ፣ «ደህና ነው» እንዳትይኝ።

ሀጂራ


ረገንስዶርፍ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2017

እትዬ ሀጂራ፣

ያስባርረኛል። ማለቴ፣ ሊያስባርረኝ ይችላል። የደንበኛ ነገር ከቤት አይወጣም የሚል ደንብ ላይ ፈርሜያለሁ። ቁጥሮቹ የስቱዲዮው ናቸው ወይስ የሴቶቹ የሚለውን ዳኛ ይፍታው፣ እኔ የሴቶቹ ናቸው ብያለሁ።

አሥራ አንድ ወረቀት አብሮ አለ። እያንዳንዱን ለብቻው አጥፌ ስም ጽፌበታለሁ፤ አንዷ የሌላዋን እንዳታይ ሲያድሉ ይጠንቀቁልኝ። የእርስዎ ሰባት ቁጥር ነው። ስገለብጥ ሁለት ጊዜ ከደብተሩ ጋር አመሳክሬያለሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ሒናው ቁጥሩ ላይ ፈስሶ 8 ይሁን 3 አልለይ ብሎኝ በናኒ ስልክ መብራት ከጀርባው አይቼ ነው የለየሁት። 3 ነው። አለቃዬ «የተዝረከረከ» ያለችው እውነት አላት፤ የዛ ቀን መዝረክረክ ግን የእናንተ ሳቅ ነበር እንጂ የእኔ ግድየለሽነት አይደለም።

ናኒ ሦስት ቀን አኩርፋኛለች። የምትሠራው ሬስቶራንት ወጥ ቤት ነው፤ ስንት ሳህን እንዳጠበች የሚቆጥረው ስክሪን ነው፣ መቁጠሪያውም አያስጨንቃትም። «አንቺ» አለችኝ፣ «አንቺ ራስሽ ወረቀት የሌለሽ ሰው ለሰው ወረቀት ትሟገቻለሽ! ሦስት ሳምንት ቀረሽ፤ ዝም ብለሽ ብትከርሚ ምን አለበት?» ዝም ብዬ ብከርም የምከርመው ያን ደብተር ይዤ ነው አልኳት። ደብተሩን ጣይው አለችኝ። አንቺ ብትሆኚ ትጥይው ነበር? አልኳት። «የኔ ሳህኖች ጣት አያሳርፉም» አለችኝ። እራት ግን አብራ ሠርታልኛለች።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርዎ፣ አይደንግጡ። ለአለቃዬ ነግሬያታለሁ። ዛሬ ጠዋት። አሥራ አንድ ደብዳቤ ይመጣልሻል፣ ቁጥሮቹን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ አልኳት። አንድ ጊዜ ከእርስዎ ደበቅሁ፣ የሆነውን አየን። መነጽሯን አውልቃ ጠራረገችና ወደ ደንበኛ ገባች። ከሰዓት ሙሉ ስሜን አልጠራችም፤ እኔም የሰው ልጅ ፊት ላይ መብራት ሳስተካክል ዋልኩ።

ይላኩት።

ሰዓዳ


ረገንስዶርፍ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2017

እትዬ ሀጂራ፣

ጠፍተዋል። በዓይንሽ አይተሻል ወይ ካሉኝ፣ አዎ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ስድሳ ሦስት ፎቶ። ከሰርቨሩም ከመጠባበቂያውም። እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

ረቡዕ ጠዋት ፖስተኛው መጣ። አሥራ አንዱም በአንድ ቀን። ለእያንዳንዱ ተቀባዩ መፈረም ስላለበት አለቃዬ አሥራ አንድ ጊዜ ፈረመች። ስድስተኛው ላይ ፖስተኛው ጠበቃ ጋ የገባ መስሎት ምን አጥፍታችሁ ነው አላት። አልሳቀችም። እኔ ግን ካሜራ መጥረጊያውን አፌ ላይ ይዤ ዞርኩ።

አራቱ በፈረንሳይኛ፣ ስድስቱ በአማርኛ፣ አንዱ በዐረብኛ ነበሩ። አንቺ አትተርጉሚልኝ አለችኝ፤ ልክ ናት፣ የጉዳዩ ባለቤት ነኝ። በጠረጴዛው ላይ ደርድራ ብዙ ጊዜ ቆመችባቸው። ቋንቋው ሦስት ቢሆንም ቁጥሩ ቁጥር ነው፤ እያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ ተደርድሯል። የሕግ አማካሪዋ ጋ ስትደውል ሰማሁ፦ እያንዳንዷ ጠያቂ ራሷን ችላ መልስ ይገባታል፣ የትኛው ፎቶ እንደሆነ በግልጽ ከጻፈች ደግሞ ፊት መጠየቂያ ምክንያት የለም ብሏታል መሰለኝ። ማጥፋቱ ሁለት ቀን ፈጀባት። ቁጥር በቁጥር፣ ራሷ ቁጭ ብላ። እኔን አጠገቧ አስቀምጣ ከደብተርሽ አንብቢልኝ አለችኝ። ሦስት ቁጥር ላይ ደብዳቤውና ደብተሩ አልተገናኙም፤ ሁለቱ ላይ የተሳሳቱት ሴቶቹ ሲገለብጡ ነው፣ አንዱ ላይ ግን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አይተን አረምን። ደብተር አይሳሳትም አልልዎትም።

ካርዱ ላይ ያሉትን ፎቶዎች በኋላ ክፍል ከኔትዎርክ ጋር ባልተገናኘ ማተሚያ አትሜ የየሴቷን በታሸገ ፖስታ አድርጌያለሁ፤ ካርዱን አለቃዬ እያየች አጥፍቼዋለሁ። ፖስታዎቹ ነገ ይደርሷችኋል። የእርስዎ ሰባት ፎቶዎች ያምራሉ። ይህን ማለት ካልተፈቀደልኝ አልሰሙኝም ይበሉ።

ከዚያ ጠራችኝ። ላባርርሽ ይገባ ነበር፣ አለች። በሃያ ዓመት ውስጥ ብዙ ሰው ከኋላዬ ሠርቷል፣ ልሠራ ነው ብሎ የነገረኝ ግን አንቺ ብቻ ነሽ አለችኝ። ቋሚ ውል እሰጥሻለሁ አለች።

እየሮጥኩ ለእርስዎ ልጽፍልዎ ነበር። ከዚያ ውሉን አነበብኩት። ዘጠነኛው አንቀጽ አዲስ ነው፣ በእኔ ደብተር ሰበብ የተጨመረ። ሠራተኛው በሥራ ላይ የሚይዘው ማናቸውም የእጅ ማስታወሻ በዚያው ዕለት ወደ ሲስተሙ ይገባል፣ ዋናው ይወገዳል ይላል። የሴቶቹ ስም፣ ጣቱ፣ ሁሉም። ኮምፒውተሩ ላይ የሚፈረም ነው፤ መጨረሻው ላይ አረንጓዴ ቁልፍ አለ፣ መጫን ብቻ ነው። እስከ ሐምሌ 24።

ምን ይመክሩኛል?

ሰዓዳ


ሻትሌን፣ ሐምሌ 19 ቀን 2017

ሰዓዳዬ፣

ፈርሚ።

ይህን ከእኔ እንደማትጠብቂ አውቃለሁ። ሴቶቹ ፖስታቸው ደርሷቸዋል። ያቺ ካሜራ ያለበት አልገኝም ያለችው የራሷን ፎቶ አይታ ለሦስት ቀን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ትከፍታለች፣ ትቆልፋለች። ዑመርም ባለፈው እሑድ ማቀዝቀዣውን ትቶ እኔን ሰላም አለኝ። ያለብሽን ከፍለሻል። ማንም አይጠይቅሽም።

አሁን ስለራስሽ አስቢ። እኔ በዚያ በጊዜያዊው ፈቃድ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጫለሁ። ከአገር ልውጣ ስትዪ ጥያቄ ነው፣ መልሱም እንቢ ነው። እናቴ ደሴ ስትሞት ሆቴሉ ምድር ቤት አንሶላ እያጠፍኩ ነበር። ቀብሯን ሰው በስልክ ቀርጾ ላከልኝ። እስከ ዛሬ አልከፈትኩትም። አለ፣ ስልኬ ውስጥ አለ፣ ልጆቹ በስህተት እንዳይነኩት ስሙን «የመብራት ሒሳብ» ብዬዋለሁ።

ያንቺ እናት በሕይወት አለች። ኮምቦልቻ ተቀምጣ በር በሩን ታያለች። ለአንድ አንቀጽ ብለሽ እሷን እንዳታጪ።

ሌላ ሴት ብትመጣ ያኔ ይታሰብበታል። ቁልፉን ተጫኚው።

እህትሽ ሀጂራ


ረገንስዶርፍ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2017

እትዬ ሀጂራ፣

ደብዳቤዎን ለናኒ አነበብኩላት። «የመብራት ሒሳብ» ስል ተነሥታ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደች። ስትመለስ ለሁለታችን ሻይ አፈላች። ስለ እናትዎ ከዚህ በፊት አልነገሩኝም ነበር። ያን ወር ሙሉ ሶፋዎ ላይ ሳድር አልነገሩኝም። አላህ ይዘንላቸው። ይህን ያወጡት ለእኔ ብለው መሆኑ ስለገባኝ ነው መልሱን በአንድ ቃል ያልጻፍኩት።

ትናንት ማለዳ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ጣቴን አረንጓዴው ቁልፍ ላይ አድርጌ ነበር። እውነቴን ነው። እናቴን አሰብኳት። ከዚያ ሌላ ነገር አሰብኩ። መስከረም ላይ ወይ ጥቅምት ላይ አንዲት ሴት እጇ በሒና ርሶ ፊቴ ትቀመጣለች፤ ይቺ ወረቀት ወዴት ነው የምትሄደው ትለኛለች። የእርስዎ ሴቶች ሁሉ ያን ዕለት ይህን ጠይቀውኛል፣ አንዷ ሳትቀር። ያኔ የመለስኩት እውነት ነበር። ቁልፉን ከተጫንኩ በኋላ ግን ወይ መዋሸት አለብኝ ወይ «ማታ ማሽን ውስጥ ትገቢያለሽ፣ ጣትሽ ደግሞ ቆሻሻ ውስጥ» ልላት ነው። እንዲህ ብዬ ቀና ብላ ካሜራዬን የምታይ ሴት አለች ወይ? ሌላ ሴት ስትመጣ ይታሰብበታል ብለውኛል። እትዬ፣ ሌላዋ ሴት ከመጣች በኋላማ ጊዜው አለፈ። የእናንተንም ያሰብኩበት ካሳለፍኩ በኋላ ነው።

ፈቃዱን እፈልገዋለሁ። ከልቤ እፈልገዋለሁ። እናቴን ኮምቦልቻ ሄጄ ማየት እፈልጋለሁ። ሥራውንም እፈልገዋለሁ፤ ከአለቃዬ የተማርኩት ብዙ ነው፣ የቀረኝም ብዙ ነው። የማልፈልገው አንቀጽ ዘጠኝን ብቻ ነው።

ስለዚህ ውሉን አተምኩት። አሥራ ሁለት ገጽ። ሁሉንም አነበብኩ። አንቀጽ ዘጠኝ ላይ በማስመሪያ ቀጥ ያለ ሰረዝ አሰመርኩበትና ከጎኑ በጀርመንኛ በእጄ ጻፍኩ፦ ቁጥሮቹን ለስቱዲዮው እሰጣለሁ፤ ስሙና ጣቱ ያለበት ወረቀት የፈረመበት ሰው ንብረት ነው፣ ሲጠይቅ ይመለስለታል፣ ሳይጠይቅ አይወገድም። ከዚያ ሁለት ቦታ ፈረምኩ። አንዱ መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ሥራውን እፈልጋለሁ ማለት ነው። አንዱ ሰረዙ አጠገብ። ያለ ሁለተኛው የመጀመሪያውን መውሰድ አይቻልም።

ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት። ቆማ አነበበችው፣ ተቀመጠች፣ እንደገና አነበበችው። ሰረዙ ላይ ብዙ ቆየች።

«ይህ ሲስተሙ ላይ ቦታ የለውም» አለችኝ።

«ወረቀቱ ላይ ግን ነበረው» አልኳት።

እስከ ሐሙስ፣ እስከ 24 ድረስ ላስብበት ብላለች። እኔ አስቤ ጨርሻለሁ።

ሰዓዳ